የ12ኛ ክፍል ልጆችን ፈተናቸውን ሳንጎዳ ከሥራ ጋር እንዴት እናስተዋውቅ? (ሐዋሳ)

ጥያቄ፦ የኬሚስትሪ መምህርት፣ ሐዋሳ

ሰላም ለሁላችሁም። ሐዋሳ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ ሳስተምር 9 ዓመት ሆነኝ። ዘንድሮ ሁለት የ12ኛ ክፍል ሴክሽን ይዣለሁ። በአንዱ 61፣ በሌላው 58 ልጆች አሉ። አንድ የ11ኛ ክፍልም አለኝ።

ወደ ጥያቄዬ ከመግባቴ በፊት ምክንያቱን ልንገራችሁ። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ከሥራ ወጥቼ ባጃጅ ተሳፈርኩ። ሹፌሩ በመስታወቱ አየኝና "ቲቸር፣ ረሳሽኝ እንዴ?" አለኝ። አልረሳሁትም። ሁለት ዓመት ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ የተማረ ልጅ ነው። ደብተሩ ሁሌ ንጹሕ ነበር። የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ ጥቂት ጎደለውና ቀረ። ስወርድ ሒሳብ አልቀበልም አለኝ። ይልቅ አንድ ነገር ጠየቀኝ። "ባትሪዋ በየጊዜው ትሞትብኛለች። አንዴ ቀይሬያለሁ፣ አሁንም ያው ነው። ምን ይመስልሻል?"

የምመልስለት አጣሁ።

ይህን ልጅ ኤሌክትሮኬሚስትሪ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። የሊድ አሲድ ባትሪን ቀመር ሰሌዳ ላይ ወጥቶ ሳይሳሳት ጽፎታል። አኖዱን፣ ካቶዱን፣ ሰልፈሪክ አሲዱን፣ ሁሉንም ያውቃል። ግን ያ ሰሌዳ ላይ የጻፈው ነገር እሱ የሚነዳት ባጃጅ ውስጥ ያለው ሳጥን መሆኑን ማንም አላሳየውም። እኔም ራሴ ያንን ሳጥን ቀርቤ አይቼው አላውቅም። ቤቴ እስክደርስ ሆዴን ሲበላኝ ነበር።

የፈተናውን ነገር ታውቁታላችሁ። በ2014 ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ሲጀምር 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ ሆነ። እየጨመረ ነው፣ ደስ ይላል። ግን ከመቶ ልጅ ከ90 የሚበልጠው አሁንም በሌላ በር ነው የሚወጣው። አንዳንዱ ሬሜዲያል ይገባል። አንዳንዱ ፖሊቴክኒክ ይሄዳል። ሌላው ባጃጅ፣ ሱቅ፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ወይም ቤት። እኛ ግን መቶውንም የምናስተምረው ስምንቱ ለሚሄዱበት መንገድ ብቻ ነው።

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ይህን አይቶታል። ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል የሙያ ትምህርቶች ገብተዋል። ግብርና አለ፣ ጤና አለ፣ አይሲቲ፣ ቢዝነስ፣ ኮንስትራክሽን፣ ማኑፋክቸሪንግ አለ። ሐሳቡን በጣም እወደዋለሁ። ችግሩ ክፍል ስንገባ ነው የሚመጣው። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ የሚፈተነው እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ አፕቲትዩድ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ነው። ሌላውን ልጆቹ "የማይፈተን" ይሉታል። የማይፈተን ከሆነ ደግሞ አይጠናም። አልፈርድባቸውም።

አምና አንድ ሙከራ አድርጌ ነበር። "በቡድን ሆናችሁ ፕሮጀክት ሥሩ" አልኳቸው። ምን እንዳመጡልኝ መምህር የሆናችሁ ትገምታላችሁ። ባለ ቀለም ከቨር ያለው፣ ኢንተርኔት ቤት የተጠረዘ ወረቀት። ስምንት ስም ተደርድሮበታል። አንዷ ልጅ ጽፋው ሰባቱ ለፕሪንት ብር አዋጥተዋል። ሦስቱ ቡድን አንድ ዓይነት ጽሑፍ ነው ያመጣው። 10 ማርክ ሰጥቼ ዘጋሁት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አሁን በባትሪው መጀመር አስቤያለሁ። ሁለተኛ ሐሳቤ ደግሞ ሐይቅ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል ነው። ቆሮሶ የምንለው ዓሣ ከሐይቁ ከወጣ በኋላ ያለ በረዶ ስንት ሰዓት ይቆያል? ጥላ ሥር ሲሆንና ፀሐይ ላይ ሲሆን ልዩነቱ ምንድን ነው? ባዮሎጂም ኬሚስትሪም አለበት። ልጆቼ ከዚያ ዓሣ እየበሉ ነው ያደጉት።

ግን እንዴት? 61 ልጅ ይዤ የት እገባለሁ? በ12ኛ ልጀምር ወይስ በ11ኛ? ባለ ሱቁና ባለ ጋራዡ ምን ብዬው ነው ልጅ የሚቀበለኝ? ወላጅስ "ልጄን ከጥናት አስተጓጎልሽብኝ" ሲለኝ ምን እላለሁ? ርዕሰ መምህራችን "ፈተናውን የማይነካ ከሆነ ሞክሪ" ብለውኛል። ከዚህ በላይ እርዳታ አልጠብቅም። የሠራችሁበት ሰዎች ካላችሁ እባካችሁ ከልምዳችሁ ንገሩኝ።

ምላሽ፦ ባለ ወርክሾፕ፣ ሐዋሳ መናኸሪያ አካባቢ

ጤና ይስጥልኝ መምህርት። የባጃጅና የመኪና ኤሌክትሪክ ነው የምሠራው። በሥራው 17 ዓመቴ ነው።

መጀመሪያ የልጁን ጉዳይ ልንገርዎት። ባትሪ ተቀይሮም ደጋግሞ ከሞተ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የባትሪው አይደለም። ሞተሩን አጥፍቶ ጥቂት ሰዓት ይቆይና በቴስተር ይለካው። ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ከዚያ ሞተሩን አስነስቶ፣ ጋዝ ሰጥቶ እንደገና ይለካው። ወደ 14 ቮልት መውጣት አለበት። ካልወጣ ባትሪው እየተሞላ አይደለም። ወደ ባትሪው የሚሄደውን ኃይል የሚቆጣጠረውን ሬጉሌተርና ገመዱን ማየት ነው። ብዙ ሹፌር ይህን ሳያስለካ አዲስ ባትሪ ይገዛል። ብሩ ያሳዝነኛል።

አሁን ስለ ልጆቹ። ከሁለት ዓመት በፊት ደብዳቤ ይዘው 14 ተማሪዎች በአንድ ጊዜ መጡብኝ። መምህር አብሮ አልመጣም። የእኔ ቤት ሁለት ባጃጅ ሲገባበት የሚሞላ ቤት ነው። ምን እንደሚፈልጉ ስጠይቃቸው "ልምምድ" አሉኝ። የምን ልምምድ ስላቸው እርስ በርስ ተያዩ። ሁለት ሳምንት በር ላይ ቆሙ። አንዳንዴ ሻይ ያመጡልኝ ነበር። መጨረሻ ላይ ፈርሜ ማኅተም አድርጌ ሰደድኳቸው። ልጆቹ ጥሩ ልጆች ነበሩ። ያለ ሥራ የላካቸው ሰው ነው የበደላቸው።

ስለዚህ ከፈለጉ ሦስት ልጅ ይላኩልኝ። ቅዳሜ ጠዋት ከ3 እስከ 6 ሰዓት። ጥያቄ ይዘው ይምጡ። ያን ጊዜ እኔም የማሳያቸውን አውቃለሁ። ለምሳሌ ክዳኑ የሚከፈት ባትሪ ስድስት ጉድጓድ አለው። እያንዳንዱ 2 ቮልት ገደማ ነው። ሃይድሮሜትር ከትቼ አሲዱ ከውሃ ምን ያህል እንደሚከብድ እለካለሁ። የተሞላ ከሆነ 1.28 አካባቢ ያነባል። አምስቱ ጥሩ ሆኖ አንዱ 1.15 ካለ ያ ጉድጓድ ሞቷል፣ ባትሪው አበቃለት። ይህን ልጆቹ ራሳቸው ለክተው ቢመዘግቡ በአንድ ወር የሃያ ባትሪ ታሪክ ይኖራቸዋል። እኔ መዝግቤ አላውቅም፣ ለእኔም ይጠቅመኛል።

ጥንቃቄውን ግን አደራ። መነጽርና ጓንት ሳይዙ እንዳይመጡ። ባትሪ ሲሞላ የሚወጣው ጋዝ በእሳት ብልጭታ ይፈነዳል። አሲድ ወደ ውሃ ይጨመራል እንጂ ውሃ ወደ አሲድ አይጨመርም። እርስዎ ይህን ከመጽሐፍ ያውቁታል፣ እኔ እጄ ላይ ባለው ጠባሳ ነው ያወቅኩት። ስለዚህ ልጆቹ ይለካሉ፣ ይጽፋሉ። አሲድ የምቀዳው እኔ ብቻ ነኝ።

አንድ ነገር በምላሹ እጠይቅዎታለሁ። እኔ ከ10ኛ ክፍል ነው የወጣሁት። ባትሪው ሲደክም አሲዱ ለምን እንደሚቀል እስከ ዛሬ ማንም አላስረዳኝም። ቁጥሩን አውቃለሁ፣ ምክንያቱን አላውቅም። ልጆቹ ያስረዱኝ።

ምላሽ፦ የፊዚክስ መምህር፣ አዳማ

እህቴ፣ የተጠረዘውን ወረቀት ነገር ስታነሺ የራሴን ክፍል ያየሁ መሰለኝ።

እኔም በስህተት ነው የጀመርኩት። አዳማ ስትኖሪ ዓይንሽ ከንፋስ ተርባይኖቹ አይርቅም። የመጀመሪያው ጣቢያ 34 ተርባይን አለው፣ 51 ሜጋዋት ነው። ሁለተኛው 102 ተርባይንና 153 ሜጋዋት። እያንዳንዱ ተርባይን 1.5 ሜጋዋት መሆኑን ልጆች በማካፈል ሲያገኙት ደስ ይላቸዋል። እኔም "የንፋስ ተርባይን ሞዴል ሥሩ" አልኳቸው። ከካርቶንና ከትንሽ ሞተር የተሠራ መጣ። ቆንጆ ነበር። ኤግዚቢሽን ላይ ቀረበ፣ ፎቶ ተነሳ። በኋላ ሳጣራ የሠራው አንድ ልጅ ነው። ከቡድኑ ሌላውን "ንፋሱ በእጥፍ ቢጨምር ምን ይሆናል?" ብዬ ስጠይቀው አላወቀም። ሞዴሉ አሁን መጋዘን ውስጥ አቧራ ይዟል። ማንም አልፈለገውም ነበር፣ ነገሩ እዚያ ላይ ነው። የሚፈልገው ሰው የሌለ ሥራ ለማርክ ብቻ ይሠራል።

በቀጣዩ ዓመት ትንሽ ነገር ያዝን። የግቢያችን ቧንቧዎች ያንጠባጥቡ ነበር። ልጆቹ ባለ አንድ ሊትር ዕቃና የስልክ ሰዓት ይዘው ዞሩ። አንዱ ቧንቧ አንድ ሊትር በ20 ደቂቃ ይሞላል። በቀን 72 ሊትር ማለት ነው። እንደዚያ የሚያንጠባጥብ ዘጠኝ ቧንቧ አገኙ። በቀን 648 ሊትር! ቁጥሩን ለርዕሰ መምህሩ ሲያቀርቡ ሰውየው ተነስተው ቆሙ። ለጎሚኒ፣ ለቧንቧው ጎማ፣ መግዣ የሚሆን ብር በዚያው ቀን ተፈቀደ። አንድ የቧንቧ ሠራተኛ ሁለት ቅዳሜ መጥቶ እያሳያቸው ራሳቸው ቀየሩት።

ለጥያቄዎችሽ ያለኝ መልስ ይህ ነው። ዋናውን ፕሮጀክት በ11ኛ አድርጊው። 11ኛ ክፍል ጊዜ አለው፣ ልጁም ጭንቀት የለበትም። 12ኛ ላይ ሦስት ወይም አራት ቅዳሜ የሚፈጅ፣ ካስተማርሽው ምዕራፍ የማይወጣ ነገር ብቻ። ከጥር በኋላ አትንኪያቸው። 61ዱን በአንድ ጊዜ አትያዣቸው። አንዱ ቡድን ውጭ ሲሆን ሌላው ላይብረሪ ጥያቄ ይሠራል፣ ከዚያ ይቀያየራሉ። ቡድኑ ከአራት አይብለጥ። ለእያንዳንዱ ልጅ የየራሱ ደብተር ይኑረው፣ የቡድን ደብተር የሚባል አይኑር። ማርኩንም ከደብተሩና ከቃል ጥያቄ ስጪ። ከወረቀቱ ጥራዝ ምንም አትስጪ።

ደግሞ ከሁሉ በላይ የጠቀመኝን ልንገርሽ። እኛ የምናስተምረው በእንግሊዝኛ ነው። ወርክሾፑ ግን በአማርኛ ነው የሚሠራው፣ እናንተ ጋ በሲዳምኛም፣ እኛ ጋ በኦሮምኛም። ልጁ "ቮልቴጅ ድሮፕ" የሚለውን ያውቃል፣ ሠራተኛው "ኃይሉ መንገድ ላይ ይጠፋል" ይላል። አንድ ነገር መሆኑን ልጁ አያውቅም። ስለዚህ የደብተሩን ገጽ ለሁለት እናሰምራለን። በግራ የወርክሾፑ ቃል፣ በቀኝ የመጽሐፉ ቃል። ልጆቼ ፈተና ላይ የጠቀማቸው ይህ እንደሆነ ነግረውኛል፤ እንግሊዝኛውን የሚያስታውሱት የሰውየውን ድምፅ እያስታወሱ ነው።

ምላሽ፦ የ12ኛ ክፍል ተማሪ እናት፣ ሐዋሳ

መምህርት፣ በርቱ። ግን እንደ እናት የሚሰማኝን ልናገር።

ልጄ ዘንድሮ ተፈታኝ ናት። ሌሊት 10 ሰዓት ተነስታ ታጠናለች። ቅዳሜ ጋራዥ ልሄድ ነው ብትለኝ መጀመሪያ የምለው "አይሆንም" ነው። ክፉ ሆኜ አይደለም። የፈተናው ጊዜ አንዴ ነው፣ ካለፈ አለፈ። ጎረቤቱም ዘመዱም የሚጠይቀኝ "ስንት አመጣች?" ብሎ ነው። "ምን መሥራት ትችላለች?" ብሎ የጠየቀኝ ሰው እስካሁን የለም።

ሌላውን ደግሞ ልንገርዎት። ታላቅ ወንድሟ ፈተናውን አላለፈም። አንድ ዓመት ሙሉ ቤት ተቀመጠ። ከክፍሉ አይወጣም ነበር። ምግብ በር ላይ ነበር የማስቀምጥለት። ያን ዓመት ማስታወስ አልወድም። በኋላ የአክስቱ ልጅ ስልክ ጥገና ቤት ወሰደው። አሁን ፒያሳ ከሌላ ልጅ ጋር ቦታ ተከራይቶ ይሠራል፣ ቤት ውስጥም ያግዘኛል። ስልክ ጥገና የሚባል ነገር ለእሱ እንደሚሆን 12ኛ ክፍል እያለ ቢያውቅ ኖሮ ያቺ ዓመት ባልተቃጠለች።

ስለዚህ እምቢ አልልዎትም። ግን በቃል ብቻ አይንገሩን። ወረቀት ይላኩልን። የትኛው ቀን፣ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት፣ ማን ጋ፣ የማን ስልክ፣ መቼ የሚያበቃ እንደሆነ ይጻፍበት። ሴት ልጅ ናትና ብቻዋን እንዳትሆን። እንዲያ ከሆነ እኔ እፈርማለሁ። ሌሎቹንም እናቶች አናግራለሁ።

ምላሽ፦ 12ኛ ክፍልን የጨረስኩ፣ ሐዋሳ

ቲቸር፣ እኔ የአንቺ ተማሪ አልነበርኩም፣ ግን የዚሁ ከተማ ልጅ ነኝ። ፈተናው ሳይሳካልኝ ሲቀር ኢንዱስትሪ ፓርክ ገባሁ። አንድ ዓመት ከአምስት ወር ስፌት ላይ ሠርቻለሁ። አሁን ፖሊቴክኒክ እየተማርኩ ነው።

እባክሽን ከባትሪው ጋር ይህንንም አስተምሪያቸው። የመጀመሪያ ቀን ውል ሰጡኝ፣ ሳላነብ ፈረምኩ። ሁሉም እየፈረመ ነበር። ደሞዝ ስቀበል ብሩ ከተነገረኝ ያነሰ መሰለኝ። ተሰርቄያለሁ ብዬ ሌሊት አለቀስኩ። ለካ 7 በመቶው ለጡረታዬ የሚቆረጥ ነው። አሠሪው ደግሞ በእኔ ስም 11 በመቶ ይጨምራል። ገንዘቤ ነበር፣ ግን አላወቅኩም። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን እንደማይበልጥም አላወቅኩም። በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ፣ ቁጥር 1156፣ ውስጥ አለ። በአማርኛ ነው የተጻፈው፣ ማንም ማንበብ ይችላል። 12 ዓመት ተምሬ የደሞዜን ወረቀት ማንበብ የተማርኩት ከጎኔ ከምትሰፋ ልጅ ነው።

ከ18 ዓመት በታች ያሉ ተማሪዎችም ይኖሩሻል። አዋጁ ላይ ወጣት ሠራተኛ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ ወይም ከምሽቱ 4 እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት አይሠራም። አደገኛ ሥራም ክልክል ነው። የሚቀበላችሁ ሰው ይህን እንዲያውቅ ንገሪው።

ደግሞ ሴቶቹን ስፌት፣ ወንዶቹን ጋራዥ እንዳትልኪ። እኔ ማሽኑ ሲበላሽ የሚጠግነውን መካኒክ ሁልጊዜ ቆሜ አየው ነበር። ዛሬ የምማረው እሱን ነው።

ምላሽ፦ የሥርዓተ ትምህርት ተማሪ፣ አዲስ አበባ

ስለ ፈተናው ፍርሃት አንድ ነገር ልጨምር። አሜሪካ ውስጥ "ካሪየር አካዳሚ" የሚባሉ አሉ። የመጀመሪያው በ1969 እ.ኤ.አ. ፊላደልፊያ ውስጥ በኤሌክትሪክ ሙያ ነው የተጀመረው። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ያለ ትንሽ ክፍል በሉት። ልጆቹ መደበኛውን ትምህርት ከአንድ ሙያ ጋር አያይዘው ይማራሉ፣ አሠሪዎችም ይሳተፋሉ። ኤምዲአርሲ የተባለ የጥናት ድርጅት በዘጠኝ ትምህርት ቤቶች የተመዘገቡ ልጆችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ለዓመታት ተከታተላቸው። ትምህርት ከጨረሱ በኋላ ባሉት ስምንት ዓመታት አካዳሚ የገቡት በዓመት በአማካይ 11 በመቶ የበለጠ ገቢ ነበራቸው።

ለዚህ ውይይት የሚጠቅመው ግን ሌላው ውጤት ነው። በፈተና ነጥብ ላይ ልዩነት አልታየም። አልጨመረም፣ አልቀነሰም። ለወላጅ "ነጥቧ ከፍ ይላል" ብለሽ ቃል አትግቢ። "አይጎዳትም፣ በኋላ ግን ሊጠቅማት ይችላል" ብትዪ እውነቱን ነው የተናገርሽው። የእነሱ ሁኔታ ከእኛ በጣም ይለያል፣ በተለይ የክፍሉ ብዛት። ሮድ አይላንድ ውስጥ በ1996 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ሜት የሚባለው ትምህርት ቤት ተማሪዎቹን በሳምንት ሁለት ቀን ሥራ ቦታ ይልካል። እዚያ አንድ አማካሪ መምህር የሚይዘው 15 ገደማ ልጅ ነው። ስለዚህ ከ15 ባልበለጡ ልጆች ጀምሪ። 119ኙን ዘንድሮ ማዳረስ እንደማትችይ ለራስሽ ፍቀጂ።

የጠያቂዋ ተጨማሪ፦ የኬሚስትሪ መምህርት፣ ሐዋሳ

ይቅርታ፣ ሳልመልስላችሁ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። እየሠራሁበት ነበር። ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ።

ከ12ኛ ክፍል በፈቃዳቸው የመጡ 12 ልጆች ይዤ ጀመርኩ። ሰባቱ ሴቶች ናቸው። በሦስት በሦስት ከፈልኳቸው። እናታችን እንዳሉት ለወላጅ አንድ ገጽ ወረቀት ጻፍኩ። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ቦታው፣ የእኔ ስልክ፣ የሚያበቃበት ቀን። አሥራ ሁለቱም ተፈርሞ መጣ። አንድ አባት ራሳቸው ትምህርት ቤት መጥተው "ይህን ወረቀት ለልጄ ታላላቆች ማን ነፈጋቸው?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

መናኸሪያ ያሉት ወንድማችን ቃላቸውን ጠብቀዋል። አንዱ ቡድን እሳቸው ጋ ሲሆን ሌሎቹ ትምህርት ቤት ሆነው ጥያቄ ይሠራሉ። እኔ ሁሉም ቅዳሜ እዚያው ነበርኩ። ደብተሩን ለሁለት አሰመርነው። በግራ በኩል "ውሃ ጨርሷል"፣ "ጉድጓዱ ሞቷል"፣ "ነጭ ዱቄት ይዟል" የሚሉ አሉ። በቀኝ በኩል ልጆቹ የመጽሐፉን ቃል ይፈልጋሉ። ነጩ ዱቄት ላይ አንድ ሰዓት ተከራከሩ። ክፍል ውስጥ ይህን ያህል ሲከራከሩ አይቼ አላውቅም።

ባለ ባጃጁንም ጠራሁት። በሁለተኛው ቅዳሜ ባጃጁን ይዞ መጣ። ሞተሩ ጠፍቶ 12.1 ሆነ። አስነስቶ ጋዝ ሲሰጥ 12.3። ከዚያ አልወጣም። የለካችው ልጅ "እየሞላ አይደለም" አለች፣ ባለ ወርክሾፑ ከመናገራቸው በፊት። ሬጉሌተሩ ነበር። ሲቀየር 14.1 ሆነ። ልጁ ምንም አልተናገረም፣ ዝም ብሎ ቴስተሩን ያይ ነበር። ከዚያ "ቲቸር፣ ባለፈው የቀየርኩት ባትሪ ደህና ነበር ማለት ነው" አለኝ።

የወንድማችን ጥያቄም ተመልሷል። ባለፈው ቅዳሜ አንዷ ልጅ ግድግዳው ላይ በጠመኔ ጻፈችላቸው። ባትሪው ሲሠራ አሲዱ ውስጥ ያለው ሰልፌት ወደ ፕሌቶቹ ሄዶ ይጣበቃል። በምትኩ ውሃ ይፈጠራል። አሲዱ እየቀነሰ ውሃው ሲበዛ ክብደቱ ይቀልላል። እሳቸው እጃቸውን ጠርገው ቆመው ሰሙ። "ታዲያ ቻርጅ ሳደርገው ሰልፌቱ ተመልሶ ይወጣል?" አሏት። "ይወጣል" አለች። "ብዙ ጊዜ ባዶውን ከተቀመጠስ?" ይህን አላወቀችውም። ወደ እኔ ዞረች። እኔ ደግሞ ወደ እሳቸው ዞርኩ፣ ምክንያቱም ባዶውን ከርሞ የመጣ ባትሪ በዓይናቸው ያዩት እሳቸው ናቸው። "ያ አይድንም፣ ይደነድናል" አሉ። ልጅቷ በግራው ዓምድ "ይደነድናል" ብላ ጻፈች። የቀኙን ሰኞ ክፍል ውስጥ አብረን እንሞላዋለን።

የ12ኛዎቹ ጥር ሳይገባ ያበቃል። ለ11ኛዎቹ የዓሣውን ፕሮጀክት በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት እጀምራለሁ። የውሉንና የደሞዝ ወረቀቱን ትምህርትም እዚያው አስገባዋለሁ። የኢንዱስትሪ ፓርኳ ልጅ፣ አንድ ቀን መጥተሽ ራስሽ ብትነግሪያቸው ደስ ይለኛል። ትራንስፖርትሽን እኔ እችላለሁ።

አሁን የቸገረኝ ቦታ ነው። ሐይቅ ዳር በረዶ ቤት ያላችሁ፣ ስልክ ጥገና፣ ልብስ ስፌት፣ እንጨት ቤት፣ ክሊኒክ ላብራቶሪ የምትሠሩ ሐዋሳ ያላችሁ ሰዎች፣ ሦስት ልጅ፣ ቅዳሜ ከ3 እስከ 6 ሰዓት፣ ለአራት ሳምንት መቀበል የምትችሉ ከሆነ እዚሁ ጻፉልኝ። ጥያቄያቸውን ይዘው ይመጣሉ። እኔም አብሬያቸው እመጣለሁ።